ምሰሶ ቁጥር አርባ ሰባት

ሃያ ሁለት ዓመት መሰላል ተሸክሜ፣
ከአዘዞ እስከ ቀሃ ሳበራ ከርሜ፣
የከሰለ አምፖል ስነቅል፣ የላላ ሽቦ ሳጠብቅ፣
አንድም ቀን ቀና ብዬ ከአምፖሉ በላይ ሳልጠይቅ፣
እንዲህ ነበር ሂሳቤ፦ ብርሃን እንጀራዬ፣
ጨለማ ደግሞ ብልሽት፣ ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ዕዳዬ።

ክረምት ሲወጣ ነው ትርንጎ የመጣች፣
የሥዕል መምህሯ፣ ጠርሙስ የታቀፈች፤
የማርመላታ ጠርሙስ፣ እስከ አንገቱ የሞላ።
ክንፍ ነው። ክንፍ ብቻ። ባለክንፎቹ የሉም።

«ከሐምሌ እስከ መስከረም ጎህ ሳይቀድ እየወጣሁ፣
ከአንድ ምሰሶ ሥር ነው ጠርጌ ያመጣሁ፤
ከጥምቀተ ባሕሩ አጥር፣ ዋርካው ድንጋይ ካቀፈበት፣
ካንተው ቁጥር አርባ ሰባት።»
አንዷን ቡናማ ክንፍ በጣቷ አንስታ
«ስሟን ታውቀዋለህ?» አለችኝ፣ ጠበቀችኝ ላፍታ።

የእሳት እራት።
ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ! አፌ እየጠራት
ጆሮዬ ሳይሰማ። ስም መስሎኝ ፍርድ ኖሯል።
እሳቱስ እሳት ነው፤
ሃያ ሁለት ዓመት ግን ማዕዱን ማን አቅርቧል?

ከዋርካው ላይ ድሮ ጉጉት ነበር። ጠፋ።
ከዛፉ ይቅደም ከእኛ፣ ሊጠይቅ ማን ለፋ?

የባህል ቢሮው በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦
ስለ ምድርና ስለ ሌሊት ጥበብ የሠራ ይሸለማል።
እሷም ጥቁር ከፋይ ዘርግታ፣ ክንፍ ከክንፍ ሰፍታ፣
ቅጥሩን የገነቡት ግንበኞች ማታ
ደክሟቸው ሲጋደሙ ያዩትን ሰማይ
መልሳ ልትተክል፤ ፍኖተ ሐሊቡ
በአሸን ክንፍ ተጠልፎ ከዳር እስከ ዳር የሚታይ።

«ለሳምንት አጥፋልኝ» አለች፣ «ዳኞቹ ሲመጡ
በከዋክብት ብርሃን ብቻ ፍርድ እንዲሰጡ።»

እምቢ አልኳት።
ልጄ አዝመራ ከማታ ትምህርት የምትመለሰው በዚያው ነው፤
ጨለማው ላንቺ ሥዕል ነው፣ ለእሷ መንገድ ነው።
ዝም አለች። እውነት ነው አላለች፣ ሐሰትም አላለችም።
ጠርሙሷን ግን ከጠረጴዛዬ አላነሳችም።

ሦስት ቀን አየሁት።
በአራተኛው የዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ቀደድሁ፣
ጠርዙን በመዶሻ አጥፌ ምሰሶው ላይ ወጣሁ፤
ለአምፖሉ ቆብ ደፋሁለት፣ ዓይኑን ሰብሮ መሬት እንዲያይ፤
ለእግር ማብራት ሥራው ነው፣ ምን ቤት ነው ለሰማይ?

የሽልማቱ ዕለት ከኮረብታው ሆቴል
አሥራ ሁለት ፓውዛ (ቆጠርሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ)
አዳራሹን፣ በሩን፣ ጽዱን ሳይቀር ቀን አስመስሎት
ለሌሊት ሽልማት፣ በሽልማት ሌሊት፣
ያልተጠራው እንግዳ ራሱ ሌሊት።

አንደኛ የወጣው ጨረቃ ነው፣ ከአራት መቶ አምፖል የተሠራ።
ሽቦው ንጹሕ ነው፤ ሙያ አይካድም፤ አዋቂ ነው የሠራ።
ትርንጎ ሦስተኛ። ወረቀቷን ስትቀበል
አንዲት የእሳት እራት ማኅተሙ ላይ ወድቃ ስትንከባለል
በመዳፏ ጋርዳ ወረደች። ጭብጨባው ቀጠለ።
ቆርቆሮዬን ማንም አላነሳው። ቢቀርስ ምን አለ?

በእግራችን ወረድን። አርባ ሰባት ጋ ስንደርስ
አዝመራ መጣች፣ ደብተሯን አቅፋ፤
ከታች የጫማዋ ክር ሳይቀር ሲታይ፣
ቀና ስትል ደግሞ የማታውቀው ሰማይ።
«ይሄ ሁሉ የት ነበር?»
ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ቆርቆሮው።

ከዚያ መዳፏን ከፈተች። ያቺ ትንሿ ክንፏን አራግፋ
በምሰሶው አጠገብ አልፋ
ወደ ጨለማው ሄደች። እራት አልሆነችም፤
ሌላ ስም ይፈለግላት።

ከዋርካው ላይ አንድ ነገር ድምፅ አሰማ፣ አንዴ፣ አጭር።
ወፍ ይሁን የራሴ ጉጉት
እስካሁን አልለየሁም።